የውሻው ጉልበትና አልጋህ ሥር ያለው ሻንጣ

ማሙሽ፣

የእንስሳት ክሊኒኩ በጠዋት ስለጠራኝ ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ። ጉልበቱ እስኪድን ቤት ያመጣሁት የፖሊስ ውሻ መታጠቢያ ቤት ነው። ገንዳውን ለብ ባለ ውሃ ሙላና ቀስ እያልክ ውስጡ አራምደው፤ ከዚያ ትራሱ ላይ አቁመው። አዎ፣ ያንተ ትራስ ነው። የማይረጋ ነገር ላይ መቆም ጉልበቱን ያጠነክርለታል። አንተ ሌላ ፈልግ።

"ይሄ ውሻ ጠምዶኛል፣ የክፍሌ በር ላይ ተቀምጦ ያፈጥብኛል" ስትለኝ "መልክህ አስደንግጦት ነው" ብዬ ስቄብህ ነበር።
ተሳስቻለሁ።
ሌባ የሚያባርር መስሎኝ ነበር። ትናንት አሠልጣኙን በስልክ ስጠይቀው ለካ አነፍናፊ ነው፤ የተከለከለ ነገር ሲሸተው ሳይጮህ ቁጭ እንዲል ነው የሠለጠነው። ስለዚህ አልጠመደህም። ሥራ ላይ ነው።

ጓደኛህ "አደራ" ብሎ አልጋህ ሥር የወሸቀው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠይቅህም።
እኔን ያሳሰበኝ የውሻው ጉልበት ነው። ቁጭ ብድግ ባለ ቁጥር ቀዶ ጥገና የተደረገለት ጅማት ይሳባል፤ ልፋቴን ሁሉ ገደል እየከተትክብኝ ነው። አሁኑኑ ተነስና ሻንጣውን ለባለቤቱ መልስ። ክፍልህንም በበረኪና እጠበው።

አሠልጣኙ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ውሻው ወደ ሥራ መመለስ ይችል እንደሆነ ሊያይ ነው። ዩኒፎርሙን ለብሶ። እሱ ፊት ውሻው በርህ ላይ ቁጭ ካለ ጉድ ፈላ። ላንተ እንደምንም ብዬ ጠበቃ እፈልጋለሁ፤ ለውሻው ግን ሌላ ጉልበት ከየት አመጣለሁ?