ያልጠየቅሁት ወረቀት

ሰኞ፣ ማርች 4፣ 2019። ጠዋት፣ ባቡር ላይ

ዛሬ መቀመጫ አገኘሁ። ከኬንሲንግተን እስከ መሀል ከተማ ቆሜ፣ ከመሀል ከተማ እስከ ዳንደኖንግ ተቀምጬ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀምሯል። ደብተሬ፣ ጽሑፌ የተንጋደደው በባቡሩ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

ማርክ ዓርብ ዕለት አዲስ ሥራ ጣለብኝ። ሐሙስ የአምራቾች የቁርስ ስብሰባ አለ፤ ርዕሱ የአውሮፓ ሕጎች። እሱ አለቃ ሆኖ ሳለ እኔ እንድናገር ይፈልጋል። ምክንያቱንም አልደበቀኝም፤ እሱ ከተናገረ ይሳደባል። ለሱ የአውሮፓ ሕግ ማለት ስሙን የቀየረ ቀረጥ ነው። ለኔ ግን እንጀራዬ ነው።

ፋብሪካችን የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ይሠራል። ግማሹ ሆላንድ ይሄዳል። ከመጪው ጁላይ ጀምሮ አውሮፓ የኤሌክትሪክ ገመድን ፕላስቲክ የሚያለሰልሱ አንዳንድ ኬሚካሎችን ትከለክላለች፤ ጤና ይጎዳሉ ተብሎ። የሆላንዷ ገዢያችን ደግሞ ጁላይን አልጠብቅም፣ ከአሁኑ ንጹሕ ገመድ ብቻ ብላለች። ንጹሕ ነው ብሎ ከጭነቱ ጋር የሚላከው ቅጽ ላይ የሚፈርም አንድ ሰው ነው። የመ/ቤቱ ኬሚስት። እኔ፣ ሰብለ ወርቁ። እዚህ አገር ሚስ ወርቁ ነው የሚሉኝ፤ እንግዲህ አባቴ በማያውቀው ኬሚካል ይጠየቃል።

ገመዱን የሚገዛው ዮናስ ነው። ከዚህ በኋላ ዮ. ነው የምለው። የቤ/ክ ወንድሜ። ማስተርሱን ጨርሶ ብሬብሩክ ውስጥ ፒዛ ሲያደርስ ዓመት ሙሉ በጸሎት ቡድናችን ስሙን እየጠራን ጸለይን። በመጨረሻ ማርክ ዘንድ ይዤው ሄድሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ አልሁት። ማርክ ዋስ ምን እንደሆነ ሳስረዳው ሳቀ። ቢሆንም ቀጠረው፤ ቪዛውንም ስፖንሰር አደረገለት።

ያው ቀን። ከሰዓት በኋላ፣ መ/ቤት

ፈረምሁ። የመጀመሪያው ጭነት ዘግይቶ ስለነበር በአውሮፕላን ሄደ። የገመዱን የላብራቶሪ ወረቀት ዮ. እቤቱ ረስቶታል። አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ነገ አመጣዋለሁ አለኝ። «ወረቀቱ ታይቷል» ከሚለው ጎን ምልክት አደረግሁ። ሂድና አምጣ ብለው አላምንህም ማለቴ ነው። አብሮኝ የጾመን ሰው በምን አፌ?

ሐሙስ፣ ማርች 7

ስብሰባው አለፈ። ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ ደረቅ ክሩዋሳን፣ ውሃ የመሰለ ቡና። ሁሉም ያማርራል። አንዷ የስልክ መተግበሪያ ትሠራለች፤ ለጥቂት የፈረንሳይ ደንበኞች ስትል ስለ ግል መረጃ ሕግ ጠበቃ መቅጠር ግድ ሆኖባታል። ማሸጊያ የሚያመርተው ሰውዬ አውሮፓውያን የአካባቢ ጥበቃ፣ የአካባቢ ጥበቃ የሚሉት የራሳቸውን ፋብሪካ ከኛ ለመከለል ነው አለ፤ ተጨበጨበለት። እውነት የለበትም አልልም።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀለም ሠሪ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። ለማጣሪያ ብዙ አውጥተዋል። ጎረቤታቸው ምንም ሳያወጣ ንጹሕ ነኝ ይላል፤ ገበያ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። እኔም ከሳቸው ነገር ተነሣሁ። የጻፍሁትን ትቼ ተናገርሁ። ይህ ሕግ ፊት አያይም፣ ማንንም አያምንም፣ አፈኛውንም ለፍቶ አዳሪውንም እኩል ወረቀት አምጡ ይላል፤ ትንሽ ፋብሪካን ከአጭበርባሪ የሚያድናት ይኸው ነው አልሁ። ሽማግሌው ተነሥተው ጨበጡኝ። ማርክ በኩራት ሊፈነዳ ነበር።

ዮ. በስልክ «ኩራታችን ነሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። ደብተሬ፣ ልዋሽህ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 19

ከሆላንድ ኢሜይል። ከጭነቱ አንድ ሳጥን አውጥተው አስመርምረዋል። የገመዱ ልባስ የተከለከለው ኬሚካል ሞልቶበታል። ትንሽ ርዝራዥ አይደለም። ሞልቶበታል። ማብራሪያ በሳምንት ውስጥ ይፈልጋሉ። ከሥር ቅጹን አያይዘውታል፤ ፊርማዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ማርክ ቢሮዬ መጣ። አልጮኸም። እንደሚጮህ ጠብቄ ነበር። የነሱ ላብራቶሪ ተሳስቶ ይሆናል አለኝና ወጣ።

ፋይሉን ከፈትሁ። ውስጡ ያለው ወረቀት የአምናው ገመድ ነው፣ የሌላ ሻጭ። የዘንድሮው የለም። ቃል ከተገባልኝ አሥራ አምስት ቀን አልፏል፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ አላስታወስሁትም። ዮ. አሞኛል ብሎ ቀርቷል። ስልኩን አያነሣም።

ተሳስቶ ነው። ሻጩ ሸውዶት ነው። ዮ. አይዋሸኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 20

ዮ. ቤት፣ ብሬብሩክ ሄድሁ። ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። ሚስቱ ቤዛ በሩን ከፈተችልኝ፤ ዓይኔን ሳታይ ሁለቱን ልጆች ይዛ ጓዳ ገባች። ዮ. አልታመመም። ቱታ ለብሶ ሶፋ ላይ ተቀምጧል።

ሻጩ ሸውዶህ ነው አይደል አልሁት። እሺ ቢለኝ አምነው ነበር። አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ንጹሑ ገመድ ስድስት ሳምንት ይዘገያል ተብሎ ነበር። መጋዘን የቀረው ኬሚካሉ ያለበት አሮጌው ብቻ ነው። ማርክ አሮጌውን ግጠሙት፣ አውሮፓ ስንቱን ትመረምራለች ብሎታል። ዮ. እሺ ብሏል። ይህን ሁሉ ወለሉን እያየ ነገረኝ።

ታዲያ እኔ ወረቀት ብጠይቅ ኖሮስ አልሁት።

«ማርክም እሱን ጠየቀኝ» አለ። «ሰብለ ወረቀቱን ሳታይ ትፈርማለች ወይ አለኝ። እኔን አትጠይቀኝም፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድምን ወረቀት አምጣ ማለት ነውር ነው አልኩት።»

ደብተሬ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር አውቶቡስ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፍሁት፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁት። ገመዱ አይደለም ያቃጠለኝ። ቪዛው በማርክ እጅ ነው፣ ፈርቷል፣ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ማመኔን ሸጠብኝ። በኔ ልብ ውስጥ ያለውን መንገድ ለማርክ በጣቱ አሳየው። ሁለቱ ቁጭ ብለው እኔን አሰሉኝ፣ ስሌቱም ልክ መጣ።

ተናድጃለሁ። በራሴም ተናድጃለሁ። ሠላሳ ሰው ፊት ሕጉ ማንንም አያምንም ብዬ ያስተማርሁ ሴት!

ቅዳሜ፣ ማርች 23

ጋሽ በቀለ መጡ። የቤ/ክ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ አገር ስገባ ከኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ሻይ አፈላሁ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ኪራይ መወደድ፣ ከዚያ ወደ ነገሩ። ዮ. ከሥራ ከተባረረ ስፖንሰሩ ይቀራል፣ ቪዛውም አብሮ። ልጆቹ ት/ቤት ናቸው። ወንድምን ለፈረንጅ አሳልፎ መስጠት አያምርም። እኔ በስሕተት የሌላ ገመድ ወረቀት አይቼ ፈረምሁ ብዬ ብጽፍስ አሉኝ።

«አንቺ ሲቲዝን ነሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ቢበዛ ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ። እሱ ግን አገር ነው የሚያጣው።»

ልክ ናቸው። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በሉልኝ ብሎ ልኮዎታል?» አልኋቸው።

ብርጭቆውን አዞሩት። ይቅርታው ወደፊት ይመጣል አሉ። አልላከም ማለት ነው። የላከው መፍትሔ ነው።

ከሄዱ በኋላ ልጄ ሊዲያ ከክፍሏ ወጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ እንደማይገባት ሆና ሁሉንም ትሰማለች። «ማም፣ ዋይ ዩ?» አለችኝ፤ ለምን አንቺ ማለቷ ነው። ብርጭቆ አጠብሁ።

እሑድ፣ ማርች 24

ሄድሁ። ቤ/ክ ባልሄድ ጥፋተኛ እመስላለሁ ብዬ። ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ሁልጊዜ የምታቅፈኝ እህት ዛሬ እጄን ብቻ ጨበጠችኝ። ጸሎት የመራው ዮ. ነው። በፈተና ውስጥ ስላሉ ቤተሰቦች ጸለየ፣ አለቀሰም። ሰው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እኔ ዓይኔን ገልጬ ቆሜ አየሁት። እንባው የውነት ነው። እሱ ነው ግራ ያጋባኝ።

በሩ ላይ ጌታ ይባርክሽ አለኝ። አሜን አልሁ። አሜን ማለቴ ራሱ አናደደኝ።

ሰኞ፣ ማርች 25። ጠዋት፣ መ/ቤት

ማርክ የተዘጋጀ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧል። የሆላንዱ ናሙና ተቀያይሮ ይሆናል ይላል፤ የኛን ወረቀት ኬሚስታችን በዓይኗ አይታዋለች ይላል። ቦታው ለፊርማዬ ተትቷል። ከፈረምሁ ሁሉም ሥራው ላይ ይቆያል፣ ዮ.ም ጭምር። ካልፈረምሁ ደግሞ ምልክቱ ያለው የኔ ፊርማ ሥር ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስታወሰኝ። የቁርሱን ንግግሬን የአምራቾቹ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ሊያወጡት ነው፣ ይህ ነገር እንዳያበላሸው አለኝ። እየሳቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ሰው ይመስለኝ ነበር።

ያው ቀን። ምሳ ሰዓት፣ ከፋብሪካው ጀርባ አግዳሚ ላይ

ለሆላንዶቹ የራሴን ደብዳቤ ጻፍሁ። አጭር ነው። ወረቀቱን ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀት አለ ብሎ የነገረኝ ዮናስ ነው። አሮጌውን ገመድ ግጠሙ ያለው ማርክ ነው፤ ይህን የሰማሁት ከዮናስ ነው። ሳጥኖቹን አትሽጧቸው።

የዮ.ን ስም አጠፋሁት። ጻፍሁት። ልጆቹ ፊቴ ላይ መጡ፣ እንደገና አጠፋሁት። ሳነበው ዋሾ ደብዳቤ ሆነብኝ። ከማርክ ደብዳቤ የሚለየው በማጠሩ ብቻ ነው። መልሼ ጻፍሁት።

ከመላኬ በፊት ደወልሁለት። አነሣ። ከሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለግሁም፤ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ቃል በቃል አነበብሁለት። የሱ ስም ያለበት ላይ ስደርስ ትንፋሹን ሰማሁት።

«ሰብልዬ፣ እኔ እኮ እንደ እህቴ ነው የማይሽ» አለኝ።

«እኔም እንደ ወንድሜ ነው ያየሁህ» አልሁት። «ስለዚህ ነው አሁን የደወልሁልህ። ለስፖንሰር የሚሆን ሌላ ድርጅት አብሬህ እፈልጋለሁ፤ የማውቀውን ሰው ሁሉ እጠይቅልሃለሁ። ዋስ ግን አልሆንህም።»

እያለቀሰ ቆየ። እኔም አለቀስሁ፣ እሱ ግን አልሰማኝም።

ስልኩን ዘጋሁ። ላክሁት።