ዘጠኙ እስስቶች

ቀበና፣ ሰኔ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለወንድይራድ በዳዳ
ቤይሩት

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? ይህን ደብዳቤ በማለዳ፣ ከጓደኛህ ከፍሥሐ ጋር ሆነህ አንብበው። ማታ ደርሶህ ከሆነ አጥፈህ አስቀምጠውና ተኛ። ለምን እንዳልኩ ፍሥሐ ይገባዋል፤ የአገርህ ሰው ነው።

ጽሕፈቴን አይተህ ዶሮ የጫረችው ይመስላል ብለህ አትሳቅ። በሃምሳ ዓመቴ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ለምን እንደሆነ ነግሬህ አላውቅም። እናቴ አገር ቤት ሰላሌ ስትሞት አንድ ዓመት ሙሉ ደበቁኝ። ደብዳቤ ሲመጣ አባትህ ያነብልኝ ነበር። "እናትሽ ደኅና ናት፤ ነጠላውም ደርሷታል" ይለኛል። ለሞተች ሴት ነጠላ እያሠራሁ እልክ ነበር። በዓመቱ ሽማግሌ ሰብስቦ ሲያረዳኝ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ፣ እኔ ብቻዬን ምን አለቅሳለሁ? ፊደል የተማርኩት ለዚህ ነው። አባትህን ይቅር ብዬው እንደሆነ አላውቅም።

ስለ እስስቶቹ በየደብዳቤህ ትጠይቃለህ። ተፈልፍለዋል። በጥቅምት ስትሄድ ማሰሮ ውስጥ አፈር አልብሰህ የተውካቸው ዕንቁላሎች ከሰባት ወር በላይ ቆዩ። አባትህ ከፈረንጁ አትክልት ሥራ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ወደ ማሰሮው ሄዶ አፈሩን በጣቱ ይዳስስ ነበር። "ለእኔ እንዲህ ጎንበስ ብለህ ታውቃለህ?" ስለው፣ "አንቺን ውኃ ባጠጣ ምን ትፈለፍያለሽ?" ይለኛል። ከጥር ወዲህ የምዳስሰው እኔ ነኝ።

በግንቦት መጨረሻ ዐሥራ አራት ወጡ። ቁመታቸው ከክብሪት እንጨት አይበልጥም። ጎረቤታችን ዲንቄ ወሬውን ሰምታ መጣች፤ ከአጥር ወዲህ ግን አልገባ አለች።

"በስመ አብ! አንቺ ሴት፣ እስስት አራስ ሆነች ብለሽ ገንፎ ልታስገነፊኝ ነው?"

"ቅቤውን አብዝተሽ አምጪ" አልኳት። አልሳቅኩም፤ እሷ ግን ሳቀች።

ጨቅላ ምች እንዳይመታው ተሸፍኖ ያድጋል፤ አንተንም ያሳደግሁህ እንደዚያ ነው። እነሱንም አንድ ቅርጫት ውስጥ አጉሬ፣ በነጠላ ሸፍኜ ጓዳ አኖርኳቸው። ውኃ በስኒ ብሰጣቸው አልነኩትም። በሦስተኛው ቀን ከሰል መሰሉ። በአራተኛው ቀን ነጠላውን ብገልጥ አምስቱ ሞተዋል።

ያን ጊዜ ከአባትህ ሣጥን ውስጥ ጽፈህ የተውክለትን ወረቀት አወጣሁ። እኔ አነበዋለሁ ብለህ አልጻፍከውም። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩት። "የጠዋት ፀሐይ ያስፈልጋቸዋል። ውኃ የሚጠጡት ቅጠል ላይ ካለ ጠብታ ነው። አንድ ላይ አታጨናንቃቸው።" ይላል። እኔ እነሱን ከፀሐይ ደብቄ ስጠብቃቸው ነበር።

በየቅርጫቱ ለያይቼ ደጅ አወጣኋቸው። የግራዋ ቅርንጫፍ ቆርጬ አስገባሁላቸው፤ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ላይ ውኃ እረጫለሁ። አጠገባቸው አተላ አስቀምጫለሁ፤ የሚሰበስበውን ትንንሽ ዝንብ በምላሳቸው ይለቅማሉ። ጉንዳን እንዳይደርስባቸው ዙሪያውን አመድ ነስንሻለሁ። ወዲያው ባይሆንም አረንጓዴ ሆኑ። ዘጠኙ አሉ።

በዚያው ሰሞን አጎትህ ኃይለ መስቀል ወረቀትና ብዕር ይዞ መጣ። በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በአባትህ ስም የደረሱህን ደብዳቤዎች የጻፈው እሱ ነው። "እጄን ስላመመኝ ጽሕፈቴ ተለወጠ" ያለህም እሱ ነው።

"ዛሬስ ምን ብዬ ልጻፍለት?" አለኝ።

"ተወው፤ እኔ እጽፍለታለሁ።"

ነገሩ ገባው። "እቴ ሸዋረጋ፣ መርዶ በደብዳቤ ይነገራል? በሰው አገር፣ ደግፎ የሚይዘው ዘመድ በሌለበት? ትምህርቱን ይጨርስ፤ ሲመጣ እኛው እናረዳዋለን።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ ይላክ?"

"ለእሱ ብለን እኮ ነው።"

"ለእኔም ብላችሁ ነበር" አልኩት።

ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ቤተ ዘመድ ሁሉ እንደተቀየመኝ ዲንቄ ነግራኛለች።

ልጄ፣ አባትህ ጥር ፳ ቀን ዐርፏል። ከሥራ ሲመለስ ድልድዩ ጋ ደከመኝ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ አልተነሣም። የተቀበረው የካ ሚካኤል ነው። ብዙ ሰው ቀብሮታል። እኔ አላለቀስኩም፤ ለቀስተኛው ሁሉ ታዝቦኛል። በማግስቱ ማሰሮውን ብዳስሰው አፈሩ ደርቋል። ከሐዘንተኛው መካከል ተነሥቼ ውኃ ረጨሁበት።

አሁን አልቅስ። ፍሥሐ አጠገብህ ነው፤ እሱ ይያዝህ። እንደ እኔ በዓመቱ ሰምተህ ደርቀህ እንድትቀር አልፈልግም። ትምህርትህን ግን አትተው፤ ለመንገድ ብለህም ገንዘብ አትበደር። እዚህ ብትመጣ የምታገኘው እኔንና ዘጠኝ እስስት ነው፤ እኛ እንቆይሃለን።

የየካው ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። በባዕድ አገር የሚያዝንልህን ሰው አያሳጣህ። የአባትህን ዕድሜ ለአንተ ይጨምርልህ።

ከእንግዲህ ፖስታው ላይ የአባትህን ስም አትጻፍ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ነገሳ ብለህ ላክ። እኔው ራሴ አነበዋለሁ።

እናትህ
ሸዋረጋ ነገሳ