አርባ አንድ ሳንቲም ያጠብኩ ዕለት

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

ሰላምታዬ ደጋግሞ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለው? አባዬንስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ፣ ከሥራ ልባረር ለጥቂት ከመትረፌ በቀር፣ ደህና ነኝ።

አሠሪዬ አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስቡና የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ባለፈው ወር አንድ ቀን ለሕክምና ሲቀሩ ሱቁን ለእኔ ተዉልኝ። መሳቢያ ብከፍት አርባ አንድ የብር ሳንቲሞች ጥላሸት መስለው ተኝተዋል። አሳዘኑኝ። አንቺ ያሳደግሽው ሰው ይህን አይቶ እንዴት ያልፋል? በጥርስ ሳሙናና በብሩሽ ፈትጌ ፈትጌ መስታወት አስመሰልኳቸው።

ጋሼ ሲመለሱ ምርቃት ስጠብቅ፣ እሳቸው የሚደገፉት ወንበር ፈለጉ። «ምን አደረግካቸው?» አሉኝ። «አጠብኳቸው።» «ልጄ፣ እሱ እኮ እድፍ አይደለም፣ የዕድሜያቸው መልክ ነው! አሁን ማን ሰብሳቢ ይነካቸዋል?» ብለው ሳንቲሞቹን ወደ መሳቢያው መለሱ። ግን አላባረሩኝም፤ ማጉያ መነጽር ሰጥተው ጥፋቴን አንድ በአንድ እንዳይ ፈረዱብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አየሁ እማዬ፦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ወደ አንድ ወገን ተኝቶ፣ በፊደሎቹ ሥር ብሩሽ ያልደረሰበት ጥቁረት፣ አንዳንዱ ላይማ ሳሙናው ራሱ ደርቆ!

ማክሰኞ ዕለት አንድ ባለከረባት ሰውዬ፣ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ሲፈልጉት የኖሩትን ሳንቲም ይዞ መጣ። የተሠራበትን ዓመት አንብበው፣ «ይኸው ብርቁ ዓመት!» ብለው የስብስባቸውን ግማሽ በለውጥ ሊሰጡት ተስማሙ። እኔ በማጉያው ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ሳንቲሙ በሙሉ ጠቁሮ የመጨረሻዋ ቁጥር ዙሪያ ብቻ ያብረቀርቃል። ያ የማውቀው ጭረትም አለ። «8» የነበረችው ቁጥር ግራ ጎኗ ተፍቆ «3» ሆናለች! ከአፌ አመለጠኝና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ተፍቃለች፤ የእኔ ሥራ ትመስላለች!» አልኩ።

ሰውዬው ቱግ አለ። «ይሄ ደግሞ ስለ ሳንቲም ምን ያውቃል?»

«ስለ ሳንቲም ብዙም አያውቅም» አሉት ጋሼ ማጉያውን ከእጄ እየተቀበሉ። «ሳንቲም በማበላሸት ግን እሱን የሚያህል የለም።»

አይተው አረጋገጡ። ሰውዬው ሳንቲሙን ኪሱ ከትቶ፣ ጃንጥላውን ረስቶ ወጣ። ጋሼ ያን ቀን ምግብ አልቀመሱም፤ ምኞታቸው ነበርና አንጀቴን በሉት። በማግስቱ ግን አንዲት ሴትዮ ሳንቲም ይዛ ስትገባ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ አጣቢያችን ይየው» ብለው ጠሩኝ። ይኸው ሹመቴ ይህ ነው።

አባዬን፣ አክስቴንና ታናሽ እህቴን በያሉበት ሳሚልኝ። ታናሿ ይህን ስታነብ መሳቋ አይቀርም፤ ለጎረቤት እንዳታወራ ብቻ አደራ።

የሚወድሽ ልጅሽ
ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን