ረዛቅ ለምን ድጋሚ ይፈተናል?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3
የዛሬ፦
ዘይት ማስቀየር... ተደረገ።
ረዛቅን ኮሌጅ ማድረስ... ተደረገ።
ባለቤቴን መዲናን ጥርስ ሐኪም መውሰድ... ቀጠሮው ለሌላ ሳምንት ተላለፈ።
ረዛቅ መኪና ውስጥ፣ «አባዬ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ላደርግ ነው። ሶ፣ ኤስ ኤ ቲ ድጋሚ እወስዳለሁ» አለኝ። ይሄን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሃይስኩል እያለ ወስዶት የለም እንዴ? «የድሮው ውጤት ደካማ ነው» አለ። ኦኬ አልኩ። ልጁ ካሰበበት ጥሩ ነው። ኮሌጁ በር ላይ አውርጄው ወደ ሥራ ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8
ኤርፖርት የታክሲ ተራ ስንጠብቅ ለነጳውሎስ ነገርኳቸው። ጳውሎስ ሳቀ።
«ጋሽ ኑሩ፣ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ልጅ ኤስ ኤ ቲ? የኔዋ ፀዲ ስትዛወር ማን ጠየቃት! ክሬዲት የሞላለትን አይፈትኑም።»
«ታዲያ ማንን ነው የሚፈትኑት?»
«ያነሰበትን ነዋ። ገና ምንም ያልተማረውን።»
ኡርጌሳ ገባበት፦ «አንተ ደግሞ መቼ ነው ዲን የሆንከው? እንኳን ዩኒቨርሲቲ፣ ይሄ ኤርፖርትም በየበሩ ሕጉ ሌላ ነው።» ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9
ምን ሊሆን ይችላል?
1. ጳውሎስ ተሳስቷል።
2. ይሄኛው ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ይፈትናል።
3.

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17
አልጠየቅኩትም። ጠዋት አደርሰዋለሁ፣ ይወርዳል፣ እሄዳለሁ። ሲገባ አይቼው አውቃለሁ? ከኋላ ሌላ መኪና ክላክስ ያደርጋል... አላውቅም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18
ጠየቅኩት። ሬንተን፣ አስቤዛ የምንገዛበት ግሮሰሪ ጋ ፓርክ አድርጌ።
«ክሬዲትህ ስንት ደረሰ?»
ቀበቶውን ፈታ።
«ረዛቅ።»
«አቁሜያለሁ፣ ዳድ። ካለፈው ዊንተር ጀምሮ።»
«በየቀኑ የማደርስህስ?»
«ላይብረሪ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ባስ ይዤ ዋይት ሴንተር ሄጄ እመለሳለሁ።»
«ምን ልትሠራ?»
«ምንም።»
አንድ ኮርስ ወደቀ። ከዚያ ክላስ መግባት አስጠላው። ከዚያ ለኔ መንገር ከበደው... ሌላ ቦታ ሄዶ ከዜሮ ሊጀምር ነበር ሐሳቡ። ፈተናውም ለዚያ።
የሚገርመው አልተናደድኩም። ምንም አልተሰማኝም። ገብተን ሽንኩርትና ዘይት ገዛን። ቲማቲም ረሳን።
እራት ላይ ለእናቱ ራሱ ነገራት። መዲና አለቀሰች። እኔ ሳህን አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2
ፈተናው ሾርላይን፣ አንድ ሃይስኩል ውስጥ ነው። ከመኪና አልወርድ አለ።
«ባልገባስ?»
«ካልገባህ ቁርስ እንበላለን።»
አየኝ። የምሬን ነው? እኔም አላወቅኩም።
ወረደ። በሩ ላይ የተሰለፉት ሁሉ ልጆች ናቸው፣ እሱ ጺም አለው። አንዷ ልጅ ፈታኝ መስሏት መታወቂያዋን ዘረጋችለት። ሳቀና መለሰላት። ገባ... ሲገባ አየሁት። በሩ ከተዘጋ በኋላም መኪናውን አላስነሳሁም። ሥራም አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21
ውጤት መጣ። ከድሮው ይሻላል፣ በተለይ ሒሳቡ። ደስ ሊለኝ ይገባል።
ረዛቅ ግን «ለዩኒቨርሲቲው አልልከውም» አለ። «እዚሁ ኮሌጅ ልጨርስ። ክሬዲቴ ከሞላ ፈተናውን አይጠይቁኝም።»
«ታዲያ ለምን ተፈተንክ?»
«ቁጭ ብዬ አንድ ነገር መጨረስ እችል እንደሆነ ለማየት።»
መዲና «ይሁን» አለች። እኔ ኢንሻአላህ አልኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25
ተራ ላይ ጳውሎስ አነሳው። «ጋሽ ኑሩ፣ የልጁስ? ዩኒቨርሲቲው ተቀበለው?»
ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። «ገና ነው፣ እየጠበቅን ነው» ልል።
«ዩኒቨርሲቲ የለም» አልኩ። «ልጄ ትምህርት አቁሞ ነበር። ጃንዋሪ ላይ እዚያው ኮሌጅ እንደገና ይጀምራል። ሁለት ክላስ።»
ማንም አልሳቀም። ጳውሎስ አፉን ከፈተ... አውሮፕላን ገባና ሁሉም ወደየመኪናው ሮጠ።
እራት ላይ «ለነጳውሎስ ነገርኳቸው» አልኩት።
የረዛቅ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። «ምን አሉ?»
«ምንም። ተራቸው ደረሰ፣ ሄዱ።»
«ዛትስ ኢት?»
«በቃ፣ ያው ነው።»
መብላቱን ቀጠለ። እኔም እንደራበኝ ያን ጊዜ ታወቀኝ።