እሁድ የዘጋሁት ስልክሽ

ውድ ልጄ ፉአቲኖ፣

ወሬሽ የደረሰኝ ከኦክላንድ ነው። አንቺ ከቤታችን ጀርባ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ተኝተሽ ሳለ ወሬሽ ባሕር አቋርጦ መጣ። እሁድ ነበር። ምሳ ተበልቶ፣ እንግዶቹ ሄደው፣ መንደሩ በሙሉ ጋደም ብሎ ነበር። ጎረቤታችን ሴኢና ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ፔሌ፣ ኢሳኮ ነው። ‹እናቴ ፉአቲኖን ትያት› ይላል።»

«ተኝታለች በዪው» አልኳት። «ዛሬ እሁድ መሆኑን እዚያ አገር ረስቶት ነው?»

ወንድምሽ ሰማኝ። «እማ፣ ከጠዋት ጀምሮ የስኳሯ ቁጥር አይታየኝም። ስልኳም ዝግ ነው። ተነሺና እያት።»

ተነሣሁ፤ ግን አልሮጥኩም። እየተነጫነጭኩ ነው የሄድኩት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የሴኢና ባል በመኪናው ወደ ሐኪም ቤት ሲወስደን እጅሽ ገና ለብ ያለ ነበር። ሐኪሙ ስኳርሽ በጣም ወርዶ እንደነበረ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።

ካጣሁሽ ሁለት ወር ሆነ። ብዙ እንዳልተማርኩ ታውቂያለሽ፤ በቀን ሁለት ሦስት መስመር ብጽፍ ነው። ጽፌ ስጨርስ የፓስተሩ ሚስት በቤተ ክርስቲያናችን ጋዜጣ ታወጣዋለች። ሰው እንዲያነበው የፈለግኩበትን ምክንያት እነግርሻለሁ።

በአውቶቡስ ማቆሚያው ያለችው የስልክ መጠገኛ ሱቅሽ እንደተዘጋች ናት። ሰዎች አሁንም አዲስ ስልክ ሲገዙ በሯ ላይ ቆም ይላሉ። አንቺ ሳታዪው ስልክ የሚገዛ አልነበረማ። ሳታሞግሺ አትውዪም፣ ሳትነቅፊም አታድሪም። ያ ወፍራሙ የአውቶቡስ ሹፌር «እንዴት ነው ስልኬ?» ሲልሽ «ካሜራው ያምራል። ባትሪው ግን እንደ አንተ ነው፣ ከምሳ በኋላ ይተኛል» አልሽው። ሰውየው ስልኩን መልሶ ሌላ ገዛ።

ኢሳኮ ያቺን ክንድ ላይ ተለጥፋ ስኳርን በስልክ የምትናገር ክብ ነገር የላከልሽ ቀን ደስታሽ ሌላ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመትሽ ጀምሮ ስኳርሽን ለማወቅ ጣትሽን ስትወጊ ኖረሻል። እኔ ግን ገና ሳያት አልወደድኳትም።

«ደምሽ ውስጥ ያለውን ማን ያያል?» አልኩሽ።

«እኔ፣ ኢሳኮ፣ ደግሞ የሠራው ኩባንያ።»

«ኩባንያው የማን ወገን ነው?»

«እሱን እኔም አላውቅም፣ እማ» ብለሽ ሳቅሽ።

እኔ አልሳቅኩም። አጠገብሽ የተቀመጥኩት እኔ የማላውቀውን፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው እያወቀው ነው። ኢሳኮ ከኦክላንድ ደውሎ «ዛሬ ኬክ በልተሻል አይደል?» ሲልሽ፣ ከቤታችን ወሬ የሚያቀብለው ሰው ያለ መስሎኝ የአክስትሽን ልጆች በጥርጣሬ ሳይ ሰነበትኩ።

አንቺም ብትሆኚ እንከኗን አልደበቅሽም። «ጣት መውጋት ሐቀኛ ነው፤ ግን ካልጠየቅሽው አይናገርም። ይቺ ሳትጠየቅ ትናገራለች፤ ግን አፏ ስልኩ ውስጥ ነው» ትዪ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ስናጣጥፍ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ድሮ ስኳሬ ሲወርድ እጄ ሲንቀጠቀጥ ቀድሜ አውቅ ነበር። አሁን እሷን እየጠበቅኩ ሰውነቴን ማዳመጥ ትቻለሁ። ዋጋዋ ይሄ ነው» አልሽኝ። «እንግዲያው አውልቂያት» አልኩሽ። «ዋጋ አለው አልኩ እንጂ አይጠቅምም መች አልኩ» አልሽኝ።

ከዚያ አንድ እሁድ ስኳርሽ ወርዶ ስልክሽ በጸሎት መሐል ጮኸ። ፓስተሩ ዓይናቸውን ገልጠው አዩን። ከኋላችን ያሉት ሴቶች በማራገቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አንቺ ከረሜላ አውጥተሽ በላሽ፤ በቃ፣ ለአንቺ ነገሩ አለቀ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ በኀፍረት ፊቴ ሲቃጠል ከረመ።

ለዚያ ነው በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት የሁሉንም ስልክ ዘግቼ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የከተትኩት።

«እማ፣ የእኔን እንኳ ተዪልኝ» አልሽ።

«የእግዚአብሔር ቀን በሳምንት አንድ ነው። ክንድሽም ይረፍ።»

አየሽኝ። ልትከራከሪኝ አፍሽን ከፈትሽና ተውሽው፤ ሰጠሽኝ። ስልክ ሻጩን፣ ሹፌሩን፣ ወንድምሽን የማትለቂ ልጅ ያን ቀን ለእኔ ዝም አልሽ። ብትከራከሪኝ ምን ነበረበት?

ከሌላ መንደር የመጡ ሽማግሌዎች ከፓስተሩ ጋር ለምሳ ነበሩ። ጎደሬው ከጋለው ድንጋይ ላይ ሲወጣ፣ አሁን የምትበዪ መስሎሽ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊንሽን ተወጋሽ። በእኛ ወግ እንግዳ ሳይበላ የቤት ልጅ አይበላም። ሽማግሌዎቹ ንግግራቸውን አስረዘሙ። አንቺ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ዝንብ ታባርሪ ነበር። ማራገቢያው ከእጅሽ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ድካም መሰለኝ። በኋላ «ጋደም ልበል» ብለሽ ወደ ጓሮ ስትሄጂ «ምግብሽን ይዘሽ ሂጂ» አላልኩሽም። ስለ ክንድሽ እንዳላስብ አጥብቄ ወስኜ ነበር፤ ያን ቀን ረሳሁሽ።

ከቀብርሽ በኋላ ሴቶቹ «ያቺ የለጠፈቻት ነገር ደሟን መጠጠችባት» አሉ። እኔ አጠገባቸው ምንጣፍ እየሠራሁ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ምስክርነት ወሰዱት። እኔም ተመቸኝ፤ ሰው ሁሉ ያቺን ነገር ሲጠራጠር እኔን የሚጠራጠር አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ግን የመንደራችንን ልጅ ላጊን መንገድ ላይ አገኘኋት። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እርግዝናዋ ስኳር ስላመጣባት ካንቺ ሣጥን አንዷን አውጥተሽ ለጥፈሽላት ነበር። ክንዷ ባዶ ነው።

«የት አደረግሻት?» አልኳት።

«ጣልኳት፣ እትዬ ፔሌ። ፉአቲኖን የገደለች ነገር እኔ ላይ ምን ትሠራለች? እርስዎም ያውቁት የለ።»

መንገድ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ንግግር፣ ስለ ማራገቢያው። ስጨርስ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከእኔ አንድ እርምጃ ሸሸች። ልክ ናት። ያ አንድ እርምጃ እስከ ዛሬ ያመኛል። በማግስቱ ግን ኢሳኮ ጋ ደውላ ሌላ እንዲልክላት ጠየቀችው። እሱም ለእኔ ደወለ። ምን እንዳልኳት ሳይጠይቀኝ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ።

ልጄ፣ አልዋሽሽም፤ አሁንም ያቺን ክብ ነገር አላምናትም። የማን ወገን እንደሆነች አላውቅም። ሰውነትሽን ማዳመጥ ያስረሳችሽ እሷ ናት። ዝም ያሰኘኋት ግን እኔ ነኝ። ሁለቱንም ካልጻፍኩ የጻፍኩት ውሸት ይሆናል።

ይህን የምታነቡ የመንደራችን ሰዎች፣ በየደሴቱና በየባሕር ማዶው ያላችሁ፦ ስለ ልጄ ስለ ፉአቲኖ ጸልዩ። እናቷን ላለማሳፈር ብላ ዝም ያለች ልጅ ናት፤ ጌታ እንዲቀበላት፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያበላት ለምኑልኝ። ስለ እኔ መጸለይ በሚከብደው ሰው አላዝንም፤ የእሷን ስም ብቻ ይጥራልኝ።

እናትሽ ፔሌ