የጓዳው ጣሪያና የእኔ «ደህና ነው»

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለመሪጌታ ገብረ አማኑኤል፤

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝዎ ሳል ተወዎት ወይስ አሁንም ከማኅሌት ሲመለሱ ያስቸግርዎታል? ዓይንዎስ? ከፋሲካ ወዲህ ባሰበት ወይስ ባለበት አለ? ገብሱ ተዘራ? ቀይዋ ላም ወለደች? ተማሪዎችዎ፣ የደብሩ ካህናት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ናቸው? እኛ እዚህ ሰቆጣ፣ እኔም ባለቤቴ የኔሰውም ልጃችን ትንሣኤም፣ ናፍቆታችሁ ቢያስቸግረንም በጤና በኩል እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህኛው «ደህና» እውነተኛ ነው። እንዲህ ለይቼ የምጽፍልዎ ምክንያት አለኝ፤ ቀስ ብለው ይሰሙታል።

ኪዳን እህቴ፣ ደብዳቤውን ለአባዬ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራ። እኔን የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፣ መስመርም አትዝለይ። አውቅሻለሁ፤ ለእኔ ብለሽ ትዘያለሽ። እንደተጻፈው አንብቢው።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርዎ። የዓይን ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ሰኔ 22 ቀን ሰኞ እዚህ ሆስፒታል ይገባሉ። ስምዎን አስመዝግቤ ተራ ተሰጥቶኛል፤ አሥራ ሰባተኛ ነዎት። ሁለተኛው ወሬ የእኔ ኃጢአት ነው። አምና በሐምሌ «ሐኪሞቹ ዘንድሮ አይመጡም ተባለ» ብዬ የላክሁብዎ ቃል ውሸት ነበር። መጥተው ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ሠርተው ነው የሄዱት። ዓይኑ ከተገፋ በኋላ በሽተኛው ውኃና እርጥበት በማይነካው ቦታ መተኛት አለበት ይሉ ነበር፤ ለእርስዎ ያዘጋጀሁት ጓዳ ደግሞ በዚያው ሰሞን ያፈስ ነበር። ቤቴ ያፈሳል ብሎ መናገር አሳፈረኝና የሐኪሞቹን መምጣት ደበቅኩ። ዳዊትዎን በእጅዎ እየዳሰሱ በቃልዎ ብቻ የደገሙበት ይህ ዓመት የጠፋው በእኔ ይሉኝታ ነው። ይህን ካልነገርኩዎ ሌላው ወሬ ሁሉ አይጣፍጠኝም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላውራዎት። እርስዎ አላዩትም እንጂ ቤታችን ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ያከራዩን ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሙሄዲን ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዓሲያ ከሱቃቸው ጀርባ ስለሚኖሩ ወደኛ እምብዛም አይመጡም። አምና ክረምቱ ሲገባ የጓዳው ቆርቆሮ ምስማር በገባበት በኩል ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ነበር፤ በኋላ ኮርኒሱ ሆዱን ነፍቶ አልጋው ላይ ተዘረገፈ። የኔሰው ሳፋ ደቀነ፣ ላስቲክ ወጠረ። ራሱ ወጥቶ ሊያየው ቢል ጋሽ ሙሄዲን ትሰብረዋለህ፣ ባለሙያ አመጣለሁ ብለው ከለከሉት።

ጋሽ ሙሄዲን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ቤቱ እንዴት ነው ልጄ ይሉኛል። እኔም እርስዎ እንዳሳደጉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፣ ትንሽ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ እላቸዋለሁ። እሳቸው ኢንሻአላህ በዚህ ሳምንት ሰው እልካለሁ ይላሉ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ቆርቆሮው ከወልድያ ይመጣል ተባለ፤ ቆርቆሮው ሲመጣ ምስማሩ የለም፤ ምስማሩ ሲገኝ ቆርቆሮ ሠሪው ኪዳኑ የለም። ጋሽ ሙሄዲን ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋጃሉ፣ በገበያ ቀን ከሱቁ ንቅንቅ አይሉም። ኪዳኑ ደግሞ አምስት ቀን አቦ ነው፣ ሰባት ሥላሴ ነው፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፣ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው ይላል። ከሁለቱ የተረፈ ቀን ከተገኘ እሱን ለቅሶ ይወስደዋል። እርስዎ ይህን ሲሰሙ «ኪዳኑ ደግ አደረገ» እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔስ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ በሚካኤል ዕለት ምስማር ምታ እንዴት ልበለው? አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። መስከረም ሲጠባና ሰማዩ ሲጠራ ሁላችንም ረሳነው፤ እኔም ጭምር።

ዘንድሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጓዳው እንደገና ረጠበ። ሐኪሞቹ እንደሚመጡ የሰማሁትም በዚያው ሰሞን ነው። ስምዎን አስመዝግቤ ከሆስፒታሉ ስወጣ በዚህኛው ዓመትስ አባቴን አላስቀርም ብዬ ቀጥ ብዬ ወደ ጋሽ ሙሄዲን ሱቅ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ስደርስ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ሙሄዲን ጨርቅ እየለኩ ቀና አሉና ቤቱ እንዴት ነው ልጄ አሉኝ። አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? ደህና ነው አለ! ይባስ ብዬ ተመራርቄ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለየኔሰው ስነግረው ይሳቅ ይናደድ ግራ ገባው። በአፍሽ ካልሆነልሽ በእጅሽ ጻፊላቸው፣ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ አለኝ።

ጻፍኩ። ችግሩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከመሥሪያ ቤት ጋር ብቻ የተጻጻፈ እጅ ሌላ አጻጻፍ አያውቅም። ቀን አስቀመጥኩ። ጉዳዩ፦ የጣሪያ ጥገና እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ አልኩ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ብዬ ጀመርኩ። ፈርሜ ስጨርስ ከግርጌው ግልባጭ፦ ለቀበሌው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ብዬ አሰመርኩበት። አባዬ፣ ለቀበሌው የላክሁት አንድም ነገር የለም። ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ ጅራቱን እንደተቆረጠ በሬ ስለሚመስለኝ ብቻ ነው። አጥፌ ላክሁላቸው።

ጋሽ ሙሄዲን መነጽራቸውን ቤት ረስተው ኖሯል። የባለቤታቸው ወንድም ሚፍታሕ ደንበኛ በተሞላበት ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ ከላይ እስከ ግልባጩ አነበበላቸው። የዚያኑ ዕለት ዐሥር ሰዓት ግድም በራችን ላይ ቆሙ። ይግቡ ብንላቸው አልገባም አሉ። ምን በደልኩሽና በቀበሌ ከሰስሽኝ ልጄ፣ ያውም በሰው ፊት ተነበበብኝ አሉ። እንደዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ቤቱን ልቀቁ ሊሉን ነው፣ የአባቴም ዓይን ዘንድሮም ቀረ ብዬ ጨረስኩ።

የኔሰው ግን ብዙ አይናገርም፤ ያውቁታል። ክንዳቸውን ይዞ ጓዳ አስገባቸው። አልጋው ላይ የተወጠረውን ላስቲክ፣ ሳፋውን፣ ግድግዳው ላይ የወጣውን ሻጋታ አዩ። አልጋው የማን ነው አሉ። የአባቴ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ማልቀሴን እንጂ ምን እንደተናገርኩ በቅጡ አላስታውስም፤ ብቻ የአምናውን ውሸቴን ጭምር ነገርኳቸው። ለእርስዎ ሳልነግር ለሳቸው መናገሬንም ይቅር ይበሉኝ። ጋሽ ሙሄዲን የረጠበውን ግድግዳ በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ እኔ በሱቄ የሚጮህብኝን ቀድሜ አስተናግዳለሁ፣ ደህና ነው የሚለኝን ለነገ አቆየዋለሁ፤ ይህ የኔ ጥፋት ነው አሉ። አንቺ ደግሞ ዓመት ሙሉ ስጠይቅሽ አንድ ቀን እውነቱን አልነገርሽኝም፤ ይህ ያንቺ ነው አሉ። እርስዎ መቼ እንደሚመጡ ቀኑን ጠይቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ከጁምዓ ሶላት እንደወጡ መጡ። ቆርቆሮውን በጋሪ አስጭነዋል፣ ሚፍታሕን አስከትለዋል፣ ኪዳኑንም ከየት እንዳገኙት እንጃ ይዘውታል። ቀኑ ደግሞ ሰኔ 12፣ የሰኔ ሚካኤል! ኪዳኑ ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው፤ ቢገድሉኝ መዶሻ አልነካም አለ። አሁንም ቀረ አልኩ። ጋሽ ሙሄዲን ግን ሳቁና፣ እጅህ በዓሉን ያክብር፣ አፍህ ይሥራልኝ አሉት። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ጫማቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን ለኔ ሰጥተው መሰላል ላይ ወጡ። ሚፍታሕ ተከተላቸው። ኪዳኑ ከታች አንጋጦ በኽምጣኛም በአማርኛም ያዛል፤ ምስማሩ ከጉብታው ላይ ነው የሚመታው፣ የፊተኛው ሠራተኛ ጎድጓዳው ላይ መትቶት ነው ውኃ የጠራው እያለ ይጮሃል። የኔሰው መሰላሉን ያዘላቸው። በሚካኤል ዕለት መሰላል መያዝ ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እርስዎ መጥተው ይፍረዱልን፤ ከኪዳኑ ጋር እስካሁን አልተስማሙም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ዓሲያ የምስር ወጥና የሽምብራ አሳ በትልቅ ትሪ አስይዘው መጡ። ዓርብም የሐዋርያት ጾምም መሆኑ በጀን። የፍስክ ቢሆን ኖሮ ሥጋው ለየብቻ ያስቀምጠን ነበር፤ በጾሙ ምክንያት ግን እኛም እነሱም ከአንድ ትሪ በላን። ጋሽ ሙሄዲን የግራ አውራ ጣታቸውን በመዶሻ መትተውት ስለነበር ግራ እጃቸውን ወደ ላይ እንዳነሡ በቀኛቸው ነው የጎረሱት። እትዬ ዓሲያ ሲያዩዋቸው ሳቃቸው አላቆም አላቸው።

ኪዳኑም ሰንበቱን አሳልፎ ትናንት ሰኞ በማለዳ ሳይጠራ መጣ። የጋሽ ሙሄዲንን ሥራ ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ግማሹን ምስማር ነቅሎ እንደገና መታው፣ ቆርቆሮው የሚመታበትን የበሰበሰ ሞራሌ ቀየረ፣ መጋጠሚያውን ሬንጅ ቀባ። ከመሰላሉ ወርዶ እጁን ሲታጠብ ሰማዩ አጉረመረመና ዶፉን ለቀቀው። ሁላችንም ጓዳው ውስጥ ገብተን ውኃ እንደምትጠጣ ዶሮ አንጋጠን ቆምን። ቆርቆሮው ያንኳኳል፣ ውጭው ጎርፍ ነው፣ አልጋው ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። ትንሣኤ አልጋው ላይ ወጥታ ዘለለች፤ አልተቆጣኋትም። እትዬ ዓሲያ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከሱቃቸው ወፍራም ጨርቅ አምጥተው፣ ብርሃኑ የታከመ ዓይን እንዳይወጋ ብለው መስኮቱን በገዛ እጃቸው ጋረዱት። አባዬ፣ የማያውቁዎት ሰዎች ናቸው። እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈላቸው፤ እርስዎም በጸሎትዎ አይርሷቸው።

እንግዲህ የቀረው የእርስዎ መምጣት ነው። ይህን ደብዳቤ የያዘው የአገራችን ልጅ ምሳው ነው፤ ጨው ሊገዛ መጥቶ ነገ ረቡዕ በማለዳ ይመለሳል። ሐሙስ ጠዋት ይነሡ። ኪዳን በበቅሎ እስከ መኪናው መንገድ ታድርስዎት፤ ዓርብ ከእሷ ጋር ሚኒባስ ይዛችሁ ከገባችሁ ሰንበትን እዚሁ ከእኛ ጋር ያከብራሉ። የኔሰው የሚነዳውን ባጃጅ ይዞ መናኸሪያ ይጠብቃችኋል። ተማሪዎቹን ለቄስ አሥራተ ማርያም አደራ ይበሉ። የሰው ቤት ነው፣ ልጄን አላስቸግርም እንዳይሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እግርዎ ከደጃፍዎ ርቆ እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን ይምጡልኝ። የሆስፒታሉን ሐኪም ዓመት መዘግየቱ ዓይንዎን ይጎዳው ይሆን ብዬ ጠይቄው፣ አምና ቢሆን ይሻል ነበር፣ አሁንም ግን ተስፋ አለው ብሎኛል። የመጀመሪያውን ቃል እያሰብኩ አዝናለሁ፤ በሁለተኛው እጽናናለሁ።

ለቄስ አሥራተ ማርያምና ለባለቤታቸው፣ ለተማሪዎችዎ በሙሉ፣ ለጎረቤታችን ለእማማ ምስክር ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ኪዳን እህቴ፣ ዓይንሽን ስሜሻለሁ፤ ለአንቺ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ መርጬልሻለሁ፣ መጥተሽ ቀለሙን ካልወደድሽው ከእትዬ ዓሲያ ጋር ተጣይ። የኔሰው ጉልበትዎን ይስማል። ትንሣኤ አያቴ የኔን መልክ ሳያውቁ እንዴት ይወዱኛል እያለች ትጠይቀኛለች። ጋሽ ሙሄዲን ጣታቸው እንደታሰረ ነው፤ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ ኢንሻአላህ ሲገቡ ደግሞ በአፌ እጠይቃቸዋለሁ ብለዋል።

እኔም በአፌ እጠይቅዎታለሁ። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ፊት ለፊትዎ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ይቅርም ቢሉኝ፣ ቢቆጡኝም፣ ፊቴን እያዩ ያድርጉት።

ልጅዎ አመተ ሥላሴ
ሰቆጣ፣ ማክሰኞ ሰኔ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.