ምራቂ የማያውቀው ሚዛን

ሰኞ
ለሥጋ ቤታችን የገዛሁት ባለ ሶፍትዌር ሚዛን አሁንም እምቢ አለ። ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ጎድን፣ ጉበት፣ ቅልጥም፣ ሁሉንም ከነዋጋው አስገባሁ። «ለወጥ» ስለው ግን ሶፍትዌሩ «ከየትኛው ክፍል?» ይለኛል። ከሁሉም ነዋ! አባ ከዚህም ከዚያም ቆርጠው፣ አጥንት ጣል አድርገውበት ነው የሚሸጡት። በመጨረሻ ለብቻው ዋጋ ሰጠሁት። ወገቤ ተቆረጠ።

ይህን ሁሉ ጣጣ የማየው ለአባ ዓይን ብዬ ነው። የድሮው ሚዛን አይታያቸውም፤ ሰሞኑን ሁለቴ አጉድለው መዘኑ። የዚህኛው ቁጥር ትልቅ ነው፣ ሂሳቡንም ራሱ ያወጣል። ይሄም ካልሆነላቸው ቤት መዋላቸው ነው። ቤት ከዋሉ ደግሞ ይታመሙብኛል፤ አውቃቸዋለሁ።

ማክሰኞ
ጉድ ፈላ! አባ ለደንበኛችን ለእማማ ነጃት አንድ ኪሎ መዘኑና እንደ ልማዳቸው ለምራቂ በነፃ አንድ ቁራጭ እዚያው ሚዛኑ ላይ ጣል አደረጉ። ማሽኑ ምራቂውንም ደምሮ ዋጋ አወጣበት። እማማ ነጃት ያንን ትልቅ ቁጥር አዩት። «ደግሞ ምራቂ መሸጥ ተጀመረ?» ብለው ሲጮኹ በከተማችን መርካቶ ያልሰማ የለም። «ማሎ፣ እባክዎ እማማ፣ ማሽኑ ነው» ብል ማን ይስማኝ። ሥጋውን ትተው ሄዱ። ከኋላቸው ተራ የያዙት ሁለት ሴቶችም ተከተሏቸው።

አባ ከዚያ በኋላ ሚዛኑን አልነኩም።

ረቡዕ
አባ «ሸቤ በሬ ልይ» ብለው በጠዋት ወጡ። ዛሬ የሸቤ ገበያ ቀን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሶፍትዌሩን ለሸጠልኝ ሰውዬ ደወልኩ። ምራቂን በዜሮ ዋጋ ላስገባ? አይቀበልም አለ። «ግን እህቴ፣ ምራቂ ምን ዓይነት ምርት ነው?» ይለኛል። ይሄ ሰው ሥጋ ገዝቶ አያውቅም እንዴ! ዘጋሁበት። ደክሞኛል። ትንሽም አልቅሻለሁ።

ሐሙስ
መብራት የለም። አልሃምዱሊላህ ልበል? በድሮው ሚዛን ስመዝን ዋልኩ።

አባ ከሰዓት መጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ልባል?» አሉና ቢላቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። ያ ቢላ ከሥጋ ቤቱ ወጥቶ አያውቅም። «አባ፣ ነገን ብቻ ይሞክሩልኝ። መጀመሪያ የዋጋው ወረቀት ከማሽኑ ይውጣ፤ ምራቂውን ከዚያ በእጅዎ ይጨምሩ፣ ሚዛኑ ላይ ሳይሆን» አልኳቸው። ቢላውን ይዘው ሄዱ።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ መጡ። ቢላውም አብሮ መጣ!

እማማ ነጃትም ብቅ አሉ፤ ሌላ ቦታ የገዙት አልበስል ብሏቸው ነው። አባ መዘኑ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ወረቀቱ እስኪወጣ ጠበቁ፣ ሰጧቸው። ከዚያ ጎድኑን ገመስ አድርገው ጨመሩላቸው፤ የድሮውን ምራቂ እጥፍ! እማማ መረቋቸው። ከሳቸው በኋላ ለመጣው ሁሉ እንደዚያው። አባ ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

ስንዘጋ ማሽኑ ከገባው ሥጋ የተሸጠውን ቀንሶ ጉድለቱን አወጣ። አንድ ጎድን ሙሉ የት እንደገባ አያውቅም።

«ምን ይላል?» አሉኝ ከኋላዬ። ይሄኛው ጽሑፍ ደቃቃ ነው፤ አይታያቸውም።

«ሁሉም ደህና ነው ይላል።»

ጉድለቱን ለመሸፈን ነገ የ«ለወጥ» ሥጋን ዋጋ ከፍ ማድረግ ሊኖርብኝ ነው። ለአባ እንዴት እንደምነግራቸው እንጃ። ቢላቸውን ግን ዛሬ ቦታው ሰቅለውት ነው የሄዱት።